አሥራ ሁለት ጊዜ መነሣት

አዲ አርቃይ
ታኅሣሥ 26 ቀን 1974 ዓ.ም.

ውድ አባቴ ቄስ ሀብተ ሚካኤል፤

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሌላው ሰው ደብዳቤውን በሰላምታ ይጀምራል፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምፈራው ለጉልበትዎ ነውና ከዚያው ልጀምር። ደህና ነኝ እንዳልልዎ፣ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ከረቡዕ ጀምሮ እህልም እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። ትናንት ክሊኒኩ ውስጥ ለአንዱ በሽተኛ የሌላውን ኪኒን ልሰጥ ምንም አልቀረኝም።

«በጥምቀት በእኔ ፈንታ ታቦቱን የሚሸከመው ቄስ ድረስ ነው ተባልሁ» ብለው ጽፈውልኛል። «አለቃ ወልደ ገብርኤል አርጅተሃል አሉኝ። ሁሉም ሲያስረጀኝ፣ አትችልም ያላልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ተባረኪ።» ያቺን «ተባረኪ» አንብቤ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። መልሼ አወጣሁት። ይህ ምርቃት ለእኔ የሚገባ አይደለም። ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ፤ ድፍረቱ እስኪመጣልኝ ግን ከኅዳር ልነሣ።

ለዕረፍት ደባርቅ ስመጣ፣ ከመደቡ ለመነሣት የእናቴን እጅ ሲጠብቁ አየሁ። እርስዎ፣ ማኅሌት ቆመው የሚያድሩት! ጎንደር ስማር አንዲት ነርስ አዛውንቶችን ስታሠራ ያየሁትን ላሳይዎ ተነሣሁ። ምንም ሳይደገፉ ከመደቡ በዝግታ መነሣት፣ በዝግታ መቀመጥ። መቋሚያውን ይዞ ተረከዝን ከመሬት ማንሣትና ማሳረፍ። እናቴ ሳቀች።

«ስልሳ ዓመት ስሰግድ የኖርሁትን ሰው መነሣት ልታስተምሪኝ ነው?» አሉኝ።

«ስግደቱ ጉልበትዎን ከመሬት ያጋጨዋል፤ ይኸኛው ጭንዎን አጠንክሮ ጉልበትዎን ያሳርፈዋል» አልሁ። «አሥር ጊዜ ብቻ። ካመመዎ ያቁሙ።»

በሦስተኛው ቀን ጉልበትዎን አብጦ አገኘሁት። ለካስ በተነሡ ቁጥር «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ አርባ አንድ ያደርሱ ኖሯል!

«አሥር ብቻ አላልሁዎትም?»

«ምነው ልጄ፣ እግዚኦታ በአሥር ይቆማል እንዴ?»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እኔ ግን በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ እያሰርሁልዎ ጮኽሁብዎት። ያ ጩኸቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እብጠቱ ሲጎድል ተደራደርን፤ መጀመሪያ በሥላሴ ሦስት፣ ሳምንት ቆይቶ ሰባት፣ ከዚያ በሐዋርያት ቁጥር አሥራ ሁለት። አርባ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ። «ይኸስ ሥርዓት አለው» ብለው ተስማሙ። ፈቃዴ ሲያልቅ ሰባት ላይ ነበሩ።

እንግዲህ ልናገረው። ከደባርቅ በወጣሁበት ማለዳ አለቃ ወልደ ገብርኤል ዘንድ የሄድሁት መስቀል ለመሳለም አልነበረም። «አባቴ ዘንድሮ ታቦት መሸከም አይችሉም። እኔ እንዳልሁ ግን አይንገሩብኝ» አልኋቸው።

«ኧረ ምን ብየ እነግረዋለሁ፣ ልጄ? ልቡ ይሰበራል» አሉኝ።

«አርጅተሃል ይበሏቸው» አልሁ። ቃሉ የእኔ ነው፣ አባቴ። የእሳቸው አይደለም።

ባለፈው ጥምቀት ከወንዙ ሲመለሱ፣ ዳገቱ ላይ ቀኝ ጉልበትዎ ከዳዎት። አንዴ ብቻ። ሕዝቡ እልል ይል ነበር፤ ጥላ ያዡም አላየም። እኔ ከሴቶቹ መካከል ሆኜ አየሁ። ታቦቱ ከራስዎ ቢወድቅስ? ዳር ቆመው የሚያዩት ካድሬዎች ቢስቁስ? እርስዎ ከዚያ በኋላ በሕይወት የሚቆዩ አይመስለኝም። ዓመቱን ሙሉ ያ ጉልበት እየታየኝ ፈራሁ። ፊትዎ ቆሜ «እፈራለሁ» ማለት ሲገባኝ ከጀርባዎ ዞርሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ከደብዳቤዎ ግርጌ ደግሞ «አሥራ ሁለቱን በየማለዳው አደርሳለሁ፤ እናትሽ ቆጣሪ ሆናለች» ይላል። እኔ የፈረድሁት ሰባቱን አይቼ ነው። አሥራ ሁለቱን አላየሁም።

ይህን የሚያመጣልዎ ሾፌሩ አሻግሬ ነው። መኪኖቹ በእጀባ ስለሚሄዱ መቼ እንደሚደርስ አላውቅም፤ ከጥምቀት በፊት እንዲደርስ ብቻ እለምናለሁ። ከውስጡ ሌላ የታጠፈ ወረቀት ያገኛሉ። ለአለቃ ነው። «ያልሁዎትን ቃል አንሥቻለሁ፤ ውሳኔው የአባቴ ነው» ይላል።

ከመስጠትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። መደቡ ላይ ይቀመጡ። እናቴ ትቁጠር። እጅዎ ምንም ሳይነካ አሥራ ሁለት ጊዜ በዝግታ ይነሡ። የመጨረሻውን እንደ መጀመሪያው ከተነሡት፣ ወረቀቱን ለአለቃ ይስጡ፤ እኔም እዚህ ሆኜ እየፈራሁ እጸልያለሁ። አንዴ እንኳ እጅዎ መደቡን ከፈለገ፣ ምድጃው ውስጥ ይጣሉት። ታቦቱን ቄስ ድረስ ይሸከም፣ እርስዎም ከጎኑ ይሂዱ። ማንም አያውቅም፤ እኔም አልጠይቅም።

በቁጥር ያታለሉኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም አብዝተው እንጂ አሳንሰው አይደለም።

ሁለቱንም ጉልበትዎን የምስም፣
ልጅዎ የሺወርቅ