ክር የታሰረባቸው ሃያ ሦስት ሰዎች

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ንጋቱ ነው። ሌላ ሰው የለበትም። መርፌውን የወጋችው ሲስተር ሕይወት ብትሆንም ጥሩወርቅን ለዚህ የዳረጋት የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ንጋቱ ነው። ይህን ለሰው ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ስጽፈው አይንቀጠቀጥም።

የሆነው ይህ ነው። ዓርብ ዕለት ጥሩወርቅ ጉሮሮዋን አሟት መጣች። የጎረቤቴ የግዛው ሚስት ናት፤ ሦስት ልጆች አሏት፣ ትንሹ ገና ይጠባል። ሕይወት ኮምፒውተሩን ከፈተች። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ከዚያ ባዶ። “የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?” ብላ ጠየቀቻት። ጥሩወርቅም “እናንተ ታውቁት የለም ወይ?” አለች። ሕይወት እዚህ ከተመደበች ሁለት ወሯ ነው፤ የዚህ አገር ሰው እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ከየት ታውቃለች። ፔኒሲሊን ወጋቻት። ጥሩወርቅ ከበሩ ሳትደርስ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ አግዳሚው ላይ ወደቀች። ማርከሻውን ወግተው በአምቡላንስ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ወሰዷት። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ክሩ ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር።

ክሩ የእኔ ነው። ካርድ ክፍል ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በፊት ጽዳት ነበርኩ። ሐኪሞቹ ፎልደር ውስጥ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ አላነበውም። የቀድሞዋ ሲስተር አንድ ቀን ፎልደር ይዛ መጥታ “እትዬ ሙሉነሽ፣ ይህን ሰውዬ ፔኒሲሊን ይገድለዋል፤ እንዳንረሳው” አለችኝ። ከቤቴ የፈተልኩትን የጥቁር በግ ፀጉር ክር አምጥቼ ፎልደሩን ወገቡ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ ሰው በተገኘ ቁጥር ማሰር ሆነ። ክሩ ከሩቅ ይታያል፤ መብራትም አይፈልግም። ሰዎቹም ራሳቸውን “ባለክር” ይሉ ጀመር። የመድኃኒቱን ስም የሚያውቅ ግን ከመካከላቸው የለም። ፎልደሩ ያውቅላቸዋል። ሃያ ሦስት ደርሰው ነበር።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። መጣ ስል፣ ግማሹ ነው የመጣው።

ካርድ ክፍል፦ አለ።
ምርመራ ክፍል፦ አለ።
ላቦራቶሪ፦ በወረቀት።
መድኃኒት ቤት፦ በወረቀት።
ማዋለጃ፦ አለ ይባላል፤ ከካርቶኑ አልወጣም።
መብራት የጠፋ ቀን፦ ሁሉም በብጣሽ ወረቀት፤ “መብራት ሲመጣ ይገባል።”

እኔ ክፍል በር ላይ “ከወረቀት ነፃ ጤና ጣቢያ” የሚል ተለጥፏል። የተለጠፈው ወረቀት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ንጋቱ ቢሮ ገባሁ። ፎልደሮቹ በጆንያ ተሞልተው መጋዘን ከመግባታቸው በፊት ሃያ ሦስቱንም ባለክሮች አንድ በአንድ ለንጋቱ ነግሬው ነበር። በሰማያዊ ደብተሩ ጻፈ። “ዛሬውኑ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ እርስዎ አያስቡ እትዬ” አለኝ። ደብተሩን ልጠይቀው ነበር የገባሁት።

“የትኛው ዝርዝር?” አለ።

ዓይኔን አያይም። ስልኩን ያገላብጣል።

“ሃያ ሦስቱ” አልኩት። “እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያስጻፍኩህ።”

“እትዬ፣ ያን ሰሞን ስንት ነገር ጻፍኩ። ኮምፒውተሩን የሚጎበኙ እንግዶች ሊመጡ አልነበር እንዴ።” ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። የርክክብ ወረቀት ነው። ከታች የእኔ ፊርማ። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አድርጎ አነበበልኝ፦ በካርድ ክፍል ያለው መረጃ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር መግባቱን አረጋግጬ አስረክቤያለሁ፤ የቀረ የለም።

የፈረምኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። የእንግዶቹ መኪና ግቢው በር ላይ ደርሷል። ንጋቱ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዞ ቆሟል። “እዚህ ጋ እትዬ፣ ቶሎ።” እኔ ሳነብ ጣቴን መስመሩ ላይ አደርጋለሁ፣ ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል። ሰው ቆሞ ሲጠብቀኝ አፍራለሁ። ፈረምኩ። እሱ ካለ ልክ ነው ብዬ።

እሱ ካለ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ንጋቱ አሥረኛ ክፍል ሳለ እዚሁ ሞላሌ ቤቴ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማር ነበር። እኔ ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ፊደል አላውቅም። ከትምህርት ሲመለስ እኔ ገብስ እለቅማለሁ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ፊደል ያስጠራኛል። ከአገሩ የመጣለት ስንቅ ሲያልቅበት ከእኔ ይበላ ነበር፤ ይህን ውለታ ብዬ አላውቅም። ስሜን የጻፍኩ ቀን አጨበጨበልኝ። ካርድ ክፍል የገባሁት በዚያ ፊደል ነው።

አሁን በዚያው ፊደል አሳሰረኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ከወረዳ ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። የጥሩወርቅን ነገር ሊያጣሩ ነው። ንጋቱ ሻይ አስመጣላቸው። እኔን አቁመው አናገሩኝ።

ስለ ክሩ ነገርኳቸው። ሴትዮዋ “ክር?” አለች፤ ወደ ንጋቱ ዞረች። ንጋቱ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አልረሳውም። “በገዛ ራሳቸው የጀመሩት ነገር ነው” አላት። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ግን እየሰማሁ፣ “እትዬ ፊደል የቆጠሩት ከጎለመሱ በኋላ ነው። ብዙ አይፈረድባቸውም” አለ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አዘነልኝ።

ከጤና ጣቢያው ሠራተኞች አንድም ሰው “ክሩንማ እኛም እናውቀዋለን” አላለም። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ያውቃል። አዋላጇ ታውቃለች። ስንት ጊዜ ክሩን አይተው መርፌ መልሰዋል። ሁሉም ጫማቸውን አዩ።

ሰዎቹ ሲወጡ ሴትዮዋ “ጡረታዎ መቼ ነው እማማ?” አለችኝ። ሁለት ዓመት ቀርቶኛል አልኳት። “ጥሩ ነው” አለች። ምኑ ነው ጥሩው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ስለ ራሴ ማሰብ ይብቃኝ። ሃያ ሁለት ሰው ሜዳ ላይ አለ። ነገ አንዱ ሳል ይዞት ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ባዶ ነው፤ እሱም “እናንተ ታውቁታላችሁ” ይላል።

ይህ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው፤ ልጻፈው። ክሩን ሳስር ለሰዎቹ የመድኃኒቱን ስም በቃላቸው አላስያዝኳቸውም። እኔ እያለሁ ምን ያስፈልጋቸዋል አልኩ። ኮራሁበት መሰለኝ።

የመጋዘኑን ቁልፍ ከዘበኛው ወስጄ ገባሁ። አሥራ ዘጠኝ ጆንያ። አንዱን ፈታሁ፣ ሁለተኛውን ፈታሁ። ክር የለም። ሦስተኛው ጆንያ ሥር ክሮቼ በአንድ ላይ ተጠቅልለው አገኘኋቸው። በመቀስ ተቆርጠዋል። ፎልደሮቹን ለመደርደር ያስቸግራሉ ብሎ ያስቆረጣቸው ማን እንደሆነ ዘበኛው ነገረኝ። አልጠየቅሁትም ነበር፤ ራሱ ነው የነገረኝ።

ሺህ ፎልደር በእንግሊዝኛ። የትኛው የባለክር እንደሆነ አይለይም። አንዱን ጆንያ አይጥ ጀምሮታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

መብራት የለም። ወረፋው እስከ ግቢው በር። አንድ ሽማግሌ፣ “ኮምፒውተሩ ሲታመም ወዴት ነው የምትወስዱት?” አሉኝ። “መሐል ሜዳ” አልኳቸው። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ጥሩወርቅ ያለችው እዚያው መሐል ሜዳ መሆኑ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ዛሬ አራት ሰው መርፌ ተወጋ። እያንዳንዱ ሲገባ በሩ ላይ ቆሜ ፊቱን አየሁ። ባለክር የለባቸውም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሕይወት ቤቴ መጣች። በሩ ላይ ቆማ “ልግባ እትዬ?” ስትል ዓይኗ አብጧል።

“እኔ እኮ ነኝ የወጋኋት” አለች። “እርስዎን ሲወቅሱ ዝም አልኩ። ሥራዬ ገና ቋሚ አልሆነም። ፈራሁ።”

ምን ልበላት? ልጅ ናት። እኔም በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፈርቼ ፈርሜያለሁ። “ማልቀሱን ተይውና ወረቀት አለሽ?” አልኳት።

አብረን ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ካርድ ክፍሉ ባዶ ነው፤ መደርደሪያዎቹ ብቻ ቆመዋል። ቤቴ ሆኜ ሳስብ ስሞቹ አልመጡልኝም ነበር፤ ከዘጠኝ አላለፍኩም። መደርደሪያው ፊት ስቆም ግን እጄ ያውቃል። ከላይ ጀምሬ እጄን ባዶው እንጨት ላይ እያስኬድኩ ሄድኩ። እዚህ ጋ ክር ነበር፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ። እዚህ ጋ ሁለት ጎን ለጎን፤ እናትና ልጅ፣ ከዘመሮ መንገድ ማዶ። ታችኛው ረድፍ ግድግዳው ጥግ፤ ቄሰ ገበዙ። ሕይወት ከኋላዬ እየተከተለች ትጽፋለች።

ሃያ አንድ ሆነ፤ ጥሩወርቅን ጨምሮ። ሁለት ጠፉብኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ እጄ ዝም አለ።

መብራት መጥቷል፤ ሕይወት ሃያ አንዱን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባች። አንድ በአንድ አሳየችኝ፤ ስሙ ጎን ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። ቀዩን ሳይ እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ለካ ማሽኑ ክር ማሰር ይችል ኖሯል። የፈጀው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ንጋቱ ይህን አንድ ሰዓት ነው የነፈገን።

ቀጥላ ያንኑ ዝርዝር በእጇ ጽፋ መርፌ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። “መብራት ቢጠፋስ” አለች። ይህች ልጅ ትማራለች።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፤ ሰው ግን ሞልቷል። ከቅዳሴ በኋላ ግዛው፣ የጥሩወርቅ ባል፣ ወደ እኔ መጣ።

“ተናገረች” አለኝ። “ትናንት። ‘ሕፃኑን ማን ነው የያዘው?’ አለች።”

ማርያምን አመሰገንኩ። እሱ ግን አልሄደም። ነጠላውን ያስተካክላል፣ ይፈታዋል።

“እትዬ፣ ኃላፊው ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ነበር። ብርቱካን ይዞ። ስሕተቱ የእትዬ ሙሉነሽ ነው፤ አሮጊት ናቸው፣ ይቅር በሏቸው አለኝ።”

“አንተስ ምን አልክ?”

“እኔማ ዝም አልኩ። እርስዎን ልጠይቅ ብዬ።”

ነገርኩት፤ ከክሩ እስከ ፊርማው፣ የራሴንም አልደበቅሁም። ሰምቶ ሲያበቃ “እንግዲህ ብርቱካኑን በልተነዋል” አለ። ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመኝ።

የመድኃኒቱን ስም በቃሉ አስያዝኩት። ፔኒሲሊን። አሥር ጊዜ አስባልኩት። ያገኘሁትን ባለክር ሁሉ እንዲሁ አደረግሁ፤ አንዲት ሴትዮ “ዳዊት አስደገሙኝ እኮ!” አለችኝ። አንድ ሸማኔ የቤተ ክርስቲያኑን በር ሲሳለም ከጀርባው አየሁትና ሃያ ሁለተኛው እሱ መሆኑ መጣልኝ።

አንድ ቀረ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ንጋቱ ካርድ ክፍል ድረስ መጣ። ወንበር ስቦ አልተቀመጠም። “እትዬ፣ ነገሩን በሰላም እንጨርሰው። ወረዳው ይህን ይዞ ይዘጋዋል” ብሎ አንድ ወረቀት ዘረጋ፣ እስክሪብቶውንም ከፍቶ ሰጠኝ።

መነጽሬን አደረግሁ። ጣቴን የመጀመሪያው መስመር ላይ አኖርኩ።

“ላንብብልዎት?” አለ።

“ተቀመጥ።”

“ስብሰባ አለብኝ እኮ።”

አነበብኩ። ከንፈሬ ይንቀሳቀስ፣ ግድ አልሰጠኝም። ሁለት ቃላት ላይ ቆምኩ፤ እየደጋገምኩ አለፍኳቸው። በሩ ላይ በሽተኞች ቆመው ያዩናል። እንዲህ ይላል፦ በዕድሜዬና በንባብ ችሎታዬ ማነስ ምክንያት የሥራ ስሕተት መፈጸሜን አምናለሁ፤ ወደ ጽዳት ሥራ እንድመለስም በፈቃዴ እጠይቃለሁ።

በፈቃዴ።

ጽዳት አያዋርደኝም፤ በእሱ ነው የኖርኩት። በእኔ ስም ሌላ ሰው ሲለምን ግን አይሆንም። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩለት።

“እትዬ” አለ፤ ድምፁ ያኔ ስንቅ ሲያልቅበት እንደሚለኝ ሆነ። “ያስተማርኩዎት እኔ እኮ ነኝ።”

“አዎ” አልኩት። “ደህና አድርገህ ነው ያስተማርከኝ።”

ፊቱ ቀላ። እስክሪብቶውን ረስቶት ወጣ። ምን እንደሚያመጣብኝ አላውቅም። ደብዳቤ ይጽፍ ይሆናል፤ መጻፍ አይቸግረውም።

ሃያ ሦስተኛው አልመጣልኝም። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ሕይወት ግድግዳው ላይ “23” ብላ ቁጥሩን ብቻ ጽፋ ጎኑን ባዶ ትታዋለች። “ስሙ እስኪገኝ የሚገባውን ሁሉ እሱ ነው ብዬ እጠይቃለሁ” አለችኝ። ዛሬ ስትጠይቅ ሰማኋት፤ አንዱን ሰውዬ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብላ።

እኔ ግን ከእንግዲህ ሰው ቸኮለ ብዬ አልፈርምም። ቆሞ ይጠብቅ።