የአጫጅ ድርሻ

ለልጄ ለዋርቲኒ፣ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እናትሽን ብቻ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቷን ያማታል።

የመንደራችን ሹም ምርጫ አለፈ። እኔም እንደ ዕጩ ወግ ሰባት ቀን ሙሉ ቤቴን ከፍቼ ሕዝቡን አበላሁ። ሁሉም ጠግቦ መረቀኝ፤ ድምፁን ግን ለሐጂ ሙንጂድ ሰጠ። ሐጂ ደግ ሰው ናቸው፤ የተቸገረ አይመልሱም።

ትናንት ያ አንቺ በላክሽው ገንዘብ የገዛነው የቦዩ ዳር ማሳ ታጨደ። ሩዙ አምሮበት ነበር። ባለማሳው የሚቆርጠውን የመጀመሪያ ዘለላ፣ ወገቤን ስላመመኝ፣ ዘንድሮ ሐጂ ቆረጡ። ከዚያ እስከ ማታ ከሴቶቹ ጋር ሳጭድ ዋልኩ፤ ከስምንት ነዶ አንዱ ደረሰኝ። ጎረቤታችን ፓይናህ መቼም አፏ አያርፍም፤ «ፓክ ካርዲ፣ ድሮ ድርሻችንን የሚሰጡን እርስዎ ነበሩ፤ ዘንድሮ ከእኛ ጋር ተሰለፉ እንዴ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እናትሽ ግን ነዶውን እስካሁን አልነካችውም።

የማሳውን ፎቶ ላክልኝ ያልሽኝን አልረሳሁም፤ ስልኩ ተበላሽቶ ነው። በበጋ ለኢድ ስትመጪ ዞረሽ በመስጊዱ በኩል ግቢ። የቦዩ መንገድ ጭቃ ነው።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

አባትሽ ካርዲ