በየእሑዱ የፈተንኩሽ

ውድ ባለቤቴ ዘነበች፣

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው። እኔ ግን በሕይወት ሳለሽ ስለ ጤናሽ ከሚገባው በላይ ጠይቄሻለሁና ዛሬ አልጠይቅሽም። ከተለየሽኝ ባለፈው ማክሰኞ አራት ዓመት ከሰባት ወር ሞላ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ልጃችን ሂሩት አግብታ ከባሏ ጋር አየር ጤና ተከራይተው ይኖራሉ። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ገና አፏን እየፈታች ነው፤ ስትቆጣ ቅንድቧን የምትሰበስበው ልክ እንደ አንቺ ነው። የስፌት ማሽንሽን ሂሩት አሳድሳ ወስዳዋለች። ከፊት ለፊታችን የነበረው የጭቃ ቤት ፈርሶ ባለ ሦስት ፎቅ ተሠርቷል፤ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ፀሐይ ስለማያገኝ ልብስ የማሰጣው ጠዋት ብቻ ነው። እኔን ደም ግፊት ይዞኝ በየወሩ ጤና ጣቢያ እመላለሳለሁ።

ልጽፍልሽ የፈለግሁት ስለዚሁ ጤና ጣቢያ ነው። ከክትባት ክፍሉ ቀጥሎ ያለችው፣ ድሮ የተሰባበረ ወንበር ይከማችባት የነበረች ክፍል አሁን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሆናለች። መድኃኒቱ እዚያው ይሰጣል፤ በየወሩ መርፌ ተወግተው ወደ ሥራቸው የሚሄዱም አሉ። ሲስተር ጫልቱ የምትባል ነርስ ደግሞ ታማሚዎቿን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታያለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ወደዚያች ክፍል የሚገባው ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ነበር። አሁን በሩ ላይ ተቀምጠው ስለ ታክሲ ሰልፍ ያማርራሉ።

አንቺ የአእምሮ ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ ዶክተሩ የነገረኝ ይህንኑ ነበር። ሆስፒታል መቆየቷ ከእንግዲህ አይጠቅማትም፣ ቤቷ ትግባ፣ መድኃኒቷን ከሰፈሯ እየወሰደች ትኖራለች ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ቶሎ ባወጣሽ መድኃኒቱን ትተሽ ከቤት ጠፋሽ፤ በሦስተኛው ቀን ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ እግርሽ ቆስሎ አገኘንሽ። ሁለተኛ ሳላረጋግጥ አላወጣትም ብዬ የማልኩት ያን ዕለት ነው። ማረጋገጫ ብዬ የማውቀው ደግሞ በመምህርነት ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁበትን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፈተና።

አስር ጥያቄ አወጣሁልሽ። ዛሬ ምን ቀን ነው? ወሩስ ስንት ነው? ሂሩት ስንት ዓመቷ ነው? ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው? እያልኩ በየእሑዱ አልጋሽ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጠየቅሁሽ፤ መልስሽንም በደብተር መዘገብሁ። አስሩን በሙሉ የመለስሽ ቀን ይዤሽ እወጣለሁ ብዬ ለራሴ ወሰንሁ።

አንድ ጊዜ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ጠይቄሽ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ነገርሽኝ። ስህተት ብዬ ኤክስ አደረግሁበት። ሁለት ዓመት ገበያ ያልወጣ ሰው ዋጋ ከየት ያውቃል? ቀኑንም ብዙ ጊዜ ትስቺ ነበር። በክፍሉ ውስጥ የቀን መቁጠሪያ አለመኖሩን ያየሁት አንቺ ካለፍሽ በኋላ፣ ልብስሽን ልወስድ ስገባ ነው።

ሰባት ማምጣትሽን በነገርኩሽ እሑድ፣ «ቲቸር፣ ማካካሻ ፈተና የለውም?» ብለሽ ፊቴን ታዪ ጀመር። አጠገብሽ የተኛችው ሴትዮ፣ «ታድለሽ! የእኔው እንኳን ሊፈትነኝ መንገዱም ጠፍቶታል» ብላ ስትስቅ አንቺም ሳቅሽ። እኔ አልሳቅሁም። ፈተና ላይ ቀልድ አልወድም ነበር።

በግንቦት አንዱን እሑድ ዘጠኙን መለስሽ። ቀኑን ብቻ በአንድ ሳትሽ። ደብተሬን ስዘጋ፣ «እኔም አንድ ልጠይቅህ፤ ማታ ማታ ብቻህን ምን ትበላለህ?» አልሽኝ። እሱ ከጥያቄዎቹ ውስጥ የለም ብዬሽ ተነሣሁ። ለዶክተሩም ክረምቱ ይለፍ፣ መስከረም ላይ እወስዳታለሁ አልኩት። ሐምሌ ላይ ያ ሳል ጀመረሽ። የሳንባ ምች ነው ብለው ወደ ሌላ ሆስፒታል አዛወሩሽ፤ ነሐሴ ሳይጋመስ አለፍሽ።

ባለፈው ኅዳር ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ቅጽ ሞልቼ ሰጠሁ። ልጅቷ አየችውና፣ «አባባ፣ ዛሬ እኮ አሥራ ሰባት ነው!» አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ብዬ ጽፌ ኖሯል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኖቹ ይመሳሰሉብኛል። ሰርዛ አስተካክላ፣ «ይቀመጡ፣ ይጠሩዎታል» አለችኝ። ግፊቴን ለኩ፤ ኪኒኔን ሰጡኝ፤ ወደ ቤትዎ ይሂዱ አሉኝ። በሩ ላይ ስደርስ መንገድ ዘግቼ ቆምሁ። ጥበቃው፣ «አዞረዎት እንዴ?» እያለ ክንዴን ያዘኝ። ዘነበች፣ አንቺ በአንድ ቀን ስተሽ ቀረሽ። እኔ በሁለት ቀን ስቼ ቤቴ ገባሁ።

በሚቀጥለው ወር ሲስተር ጫልቱን ጠብቄ አነጋገርኳት። ታማሚ ቤቱ መኖር መቻሉን በምን ታውቂያለሽ አልኳት። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ መድኃኒቱን እንደምትጠይቅ ነገረችኝ፤ ከሰው ጋር መጫወቱን፣ ለቤተሰቡ ማሰቡንም ታያለች። ቀኑንስ አልኳት። «እሱማ እኔም ይጠፋኛል፣ ጋሼ» ብላ ሳቀች። ስለ እራቴ መጠየቅሽ ትዝ አለኝና ሌላ ሳልጠይቃት ወጣሁ።

ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ወልዴ 18 ማዞሪያ በሚባለው ሰፈር የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለው። ታናሽ ወንድሙ አንቺ የነበርሽበት ሆስፒታል ከገባ አሥር ወር አልፎት ነበር። ተሽሎታል ውሰዱት ቢባልም ወልዴ እንቢ በማለቱ፣ ሲስተር ጫልቱ እባክዎ፣ እርስዎን ያከብራልና ያነጋግሩት ብላ ላከችኝ። ወልዴ ወንበር ሰጥቶኝ፣ «ቲቸር፣ እኔ ወንድሜን እጠላለሁ እንዴ? ሙሉ በሙሉ ይዳንና በክብር አመጣዋለሁ» አለኝ። የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነበር።

እኔ ለሰፈሩ ሰው ጉበቷን ታማ ነው የተኛችው ስል ኖሬያለሁ። ለቀስተኛው ሁሉ ያንኑ ይዞ ነው የተበተነው። ለወልዴ ግን እዚያው ቁጭ ብዬ እውነቱን ነገርኩት፤ ደብተሩንም፣ ዘጠኙንም፣ መስከረምንም። መሐል ላይ ሚስማር ሊገዛ ለመጣ ሰውዬ፣ ሚስማሩ ፊቱ ተቆልሎ እያለ፣ «ዛሬ ሚስማር የለም» ብሎ መለሰው። ጨርሼ ስነሣ፣ «እርስዎ እንኳን፣ ቲቸር!» አለኝ። እኔ እንኳን፣ አልኩት።

ወንድሙ ቤት ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው። ለብቻው ያወራል፤ በዚህ ሙቀት ሁለት ጃኬት ደርቦ ሱቁ በር ላይ ይቀመጣል፤ ባለፍኩ ቁጥር ሁለቴ ሰላም ይለኛል። በመጣ በማግስቱ ወልዴ ደውሎ፣ «ቴሌቪዥኑን ፈታታብኝ እኮ! ምን ጉድ ውስጥ ነው የከተቱኝ?» ብሎ ጮኸብኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቁርሱን ግን ከልጆቹ ጋር በልቷል» አለኝ። አንቺም እንዲሁ ትሆኚ ነበር። አንዳንድ ቀን ታስቸግሪኝ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ታስቂኝ ነበር። የነሣሁሽ ይህን ነው። የወልዴ ወንድም ቤቱ መግባት የአንቺን መቅረት አያካክስልኝም፤ እንዲያካክስልኝም አልፈልግም።

በሚመጣው እሑድ የእድራችን ስብሰባ ላይ ሲስተር ጫልቱ ስለ አእምሮ ሕመም ታስተምራለች። እኔም እንድናገር ጠይቃኝ እሺ ብያለሁ። መጀመሪያ ሂሩትን አስፈቀድኳት። እሷም፣ «አባዬ፣ ስትዘፍን ድምፅዋ እስከ መንገድ ይሰማ እንደነበረም ንገራቸው» አለችኝ።

እነግራቸዋለሁ። ጉበቷን አልነበረም እላለሁ። ዘነበች የአእምሮ ሕመም ታማ ነበር፤ ደግሞም ተሽሏት ነበር፤ ቤቷ ገብታ እንደማንኛችሁም መኖር ትችል ነበር፤ ያላስገባኋት እኔ ነኝ እላለሁ። ከዚያ በኋላም ስለ አንቺ የጠየቀኝን ሁሉ ይህንኑ እመልስለታለሁ፤ አንድም ሳላስቀር።

ባልሽ ታደሰ
ቀራንዮ