ለታይ ያላወቀችው እግድ

ረቡዕ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
መቐለ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ

ዛሬ ጠዋት ፍርድ ቤት እጄን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጭኜ ማልሁ። ጎረቤታችን ሐጎስ ልጄ የፈጠረውን የባጃጅ ፍሬን መያዣ አስመስሎ እየሠራ ለጋራዦች ማቅረቡን ካላቆመ ሊተካ የማይችል ጉዳት ይደርስብናል አልሁ። ፓተንቱ የልጄ መሆኑ እውነት ነው። ጉዳቱ የማይተካ መሆኑ ግን እውነት አይደለም። የልጄ ወርክሾፕ ፈቃድ በስሜ ነው፤ የታዘዝነውን እንኳ ሠርተን እንደማናደርስ፣ ሐጎስ የሚወስድብን ገበያ እንደሌለ አውቃለሁ። ጠበቃው ያለዚህ ቃል እግድ አይሰጥም ስላለኝ አልሁት። ዳኛው ሐጎስን ሳይጠሩ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ሥራውን እንዲያቆም አዘዙ።

ስመለስ የሐጎስ ሚስት ለታይ ጀሪካን ይዛ በራፌ ላይ ቆማ አገኘኋት። ውኃ ሲጠፋ ከታንከራቸው የምትቀዳልኝ፣ እንደ እናቷም «አደይ» የምትለኝ እሷ ናት። የክት ልብሴን አይታ ሳቀች።

«አደይ፣ እንዲህ አምረው ከየት ነው? ሊዳሩ ነው እንዴ?»

«ከቀብር» አልኋት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ሳቋ ወዲያው ጠፋ። «ውይ፣ ይቅር ይበሉኝ! እግዚአብሔር ያጽናዎት። ነገ ለቅሶ ቤቱ አብረን እንሄዳለን፤ ብቻዎን አልሰድድዎትም።»

ጀሪካኑን ወጥ ቤት ድረስ አስገብታልኝ ሄደች።

ልጆቼን ለትንሽ ውሸት ሳይቀር ቀጥቼ ያሳደግሁ ሴት፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። ሁለቱንም በእነዚሁ ሰዎች ላይ።

ትእዛዙ ነገ ጠዋት ለሐጎስ ይደርሰዋል። ለታይም ነገ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልትወስደኝ ትመጣለች።