ከአቧራ ውሃ ስለምትሠራው ልጄና ስለቆመው ጉድጓድ

ውድ ልጄ ኑርሃን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የቢጫው ጀሪካናችን ክዳን ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ የገባበት አለመታወቁን በጥልቅ ሐዘን አስታውቅሻለሁ። ፍለጋው ቀጥሏል። ከዚህ ሌላ ሸዋ ሮቢት ሰላም ናት፤ ብቻ የቧንቧው ውሃ ከጠፋ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው።

ስለ ሰፈሩ የውሃ ጉድጓድ ጠይቀሽኝ ነበር። አራት ሜትር ላይ ሲደርስ ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ ቁፋሮውን አቁሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሆላንድ ደውለሽ «አባ፣ በከዋክብት መሀል ባለ አቧራ ላይ ውሃ እንዴት እንደሚፈጠር ቤተ ሙከራ ውስጥ እያጠናን ነው» አልሽኝ። እኔም ለደቦ በወጣው ሰው ፊት «ልጄ ከአቧራ ውሃ እየሠራች ነው» አልኩ። ውሸት አለው? ጎረቤታችን ኸይረዲን ዶማውን አስቀመጠና፣ «ጋሼ ሐሚድ፣ አቧራማ ሞልቶን የለ እንዴ! መሣሪያውን ታምጣልን» አለ። ተሳቀ። ደቦው ግን ተበተነ።

በኋላ «ስንት ጀሪካን ይወጣዋል?» ብልሽ፣ «ጠብታም አይሞላም፣ አባ። በረዶ ነው፤ በዓይን አይታይም» አልሽ። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። የምትሞክሩበት ዕቃ ውስጥ አየር እንኳ የለም ካልሽ ውሃው ከየት መጣ? ኦክስጅኑ አቧራው ላይ ቀዝቅዞ ይለጠፋል፣ ሃይድሮጅኑ መጥቶ ይገጥመዋል አልሽ፤ ማን ጠራው? ቅዝቃዜው ደግሞ ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ስልሳ! እኛ ዘንድ ቅቤ እንኳ ረግቶ አይውልም። የምንጠጣውም ውሃ ከዚያ የተነሣ ሊሆን ይችላል ስትዪ ጭራሽ ዞረብኝ። ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጦ የመጣ ውሃ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቧንቧ መግባት የሚያቅተው ምን ሆኖ ነው?

እናትሽ ሙሀባ ምንም አልዞረባት። ጉልበቷን እያመማት በቀን ሁለቴ ወንዝ ስትወርድ ከርማ፣ ዛሬ ጠዋት ዶማ ይዛ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች።

«ኧረ ውጪ፣ ሙሀባ!»

«ልጄ የራሷን ሥራ ትሥራ። አንተ ገመዱን ሳብ!»

እስከ ዙህር ሶላት አፈር በባልዲ ስስብ ዋልኩ፤ መዳፌ ተልጧልና የፊደሌን መንጋደድ ይቅር በይኝ። ኸይረዲን በአጥር ላይ ብቅ ብሎ «መሣሪያው መጣ እንዴ?» አለ።

«መጥቷል፤ ዶማ ይባላል!» አለችው እናትሽ ከጉድጓዱ ውስጥ። ጫማውን አወለቀና ወረደላት።

ባይገባኝም ሥራሽ እንዲቃናልሽ ዱዓ አደርጋለሁ።

አባትሽ ሐሚድ

እርማት፦ ከላይ «ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ ቁፋሮውን አቁሟል» ተብሎ የተገለጸው ስህተት ስለሆነ፣ «አባትሽ በልጁ ሊኮራ ሲል ‹ወደየቤታችሁ ግቡ፣ አትድከሙ፣ ኑርሃን ትደርስልናለች› ብሎ በትኗቸዋል» በሚል ታርሞ ይነበብ።