በመጥሪያ ካርድ የመጣችው ልጅህ

ውድ ወንድሜ፣

ይህን የምጽፍልህ ሁለት ዓመት ድምፅዋን ያላሰማችህን ልጅህን ትናንት በዓይኔ ማየቴን ልነግርህ ነው።

የእኔዋ ልጅ እዚህ በሰው አገር በመዝገብ የሌሉ ስደተኞችን የምታጠናው፣ እኔና አንተ በሕዝብ ቆጠራው ዘመን እንዳደረግነው የሰው በር እያንኳኳች አይደለም። በር ሲንኳኳ ይደበቃሉና፣ ተጠያቂው ራሱ ሦስት የመጥሪያ ካርድ ተቀብሎ ለሚያምኑት ጓደኞቹ ያድላል። ልጅህም ጓደኛዋ የሰጠቻትን ካርድ ይዛ፣ እኔ ልጄን ወደማግዝበት የጥናት ቢሮ ገባች። ድሮ ደብተሯን እንደማርመው መጠይቁን በቀይ ብዕር ሳርም አይታ፣ «ጋሼ፣ እዚህም ያርማሉ?» ብላ ሣቀች፤ ወዲያው አለቀሰች።

«አድራሻዬን አይንገሩብኝ እንጂ፣ ደኅና ናት ይበሉልኝ። አባባ ተቀይመውኛል ብዬ ነው የጠፋሁት» አለችኝ።

ካርዶቿን እንዴት እንዳደለች ልትነግረን በሚመጣው ወር በሃያ ትመለሳለች። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። አለመቀየምህን በገዛ እጅህ ጽፈህ እስከ አሥራ ስምንት ድረስ አድርስልኝ።