በከብት ተራ ስለሚመዘገቡት የኮሌጅ ተማሪዎች

ይድረስ ለከተማችን የምርጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ
ጥር ፳፻፯ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ጽሕፈት ቤትዎ እንቅልፍ የጠለቀ ይሁን። እኔ ከኮሌጁ አጥር ሥር የምኖር ባልቴት ነኝ። የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው፤ ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ ግን በቁጥር እንዳስቀምጠው ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. የኮሌጁ ተማሪዎች የሚመዘገቡበትንና ድምፅ የሚሰጡበትን ጣቢያ ከግቢያቸው አርቀው፣ ከወንዙ ማዶ በከብት ተራ ስላደረጉላቸው አመሰግናለሁ። ከመጽሐፍ ላይ ቀና የማይሉ ልጆች እግራቸውን ያፍታታሉ። መዝጋቢው የሚገኘው በገበያ ቀን ብቻ በመሆኑም የወይፈን ዋጋ ያለ መምህር ተምረዋል።

፪ኛ. ሮብ ገበያ ከምትባል ከተማ መጥታ በኮሌጁ የምታድር፣ ወላጆቿ አደራ ያሉኝ ወለላ የምትባል ልጅ አለች። ዘንድሮ ዕድሜዋ ለመምረጥ ደርሶላት ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ ነበር። ባለፈው ገበያ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ መዝጋቢው፣ «የሚያውቅሽ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ዋስ አምጪ» አላት። አጠገቧ በሬውን ይዞ የቆመ ገበሬ ይህን ሰምቶ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ እኔም ለበሬዬ ዋስ እየጠበቅሁ ነው፤ ቀድሞ የመጣው ለሁለታችሁም ይፈርማል» አላት። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ ግን ዕንባዋን ይዛ ተመለሰች። በአገራችን በሬ ያለ ዋስ የማይሸጠው የተሰረቀ እንዳይሆን ነው፤ ወለላ ከማን በረት ተሰርቃለች ብላችሁ እንደጠረጠራችሁ ቢገለጽልን መልካም ነበር።

እኔም ምርኩዜን ይዤ ወርጄ «አውቃታለሁ» ብል፣ የሌላ ቀበሌ ሰው ነሽ ተባልሁ። እውነት ነው፤ በዚያ ቀበሌ የሚያውቃት ያ በሬ ብቻ ነው።

፫ኛ. ጣቢያው በኮሌጁ ግቢ ቢሆን ምን ነበረበት ተብለው ሲጠየቁ፣ ምርጫ ትምህርትን ያውካል ብለው መመለስዎን ሰምቼ በአስተዋይነትዎ ተደነቅሁ። በታኅሣሥ መዝጋቢዎችዎን ያሠለጠኑት በዚያው ኮሌጅ አዳራሽ፣ ያውም በትምህርት ሰዓት ነበር። የድምፅ ማጉያውና ጭብጨባው ቤቴ ድረስ ሲሰማ፣ ትምህርቱ እንዴት እንደደመቀ ምስክር ነኝ።

ምዝገባው የሚዘጋው በመጪው ገበያ ነው፤ ያን ቀን ወለላ ፈተና አለባት። ስለዚህ ከዚያ በፊት አንድ ጠረጴዛና አንድ መዝጋቢ ወደ ግቢው ይላኩ፤ ዋሷም የኮሌጁ መታወቂያ ይሁናት። ይህችን አንዷን ያለ ምስጋና ነው የምለው።

ደግነትዎን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ ለማየት ያልታደልሁ፣ በዕድሜ ታላቅዎ፣ በትዕግሥት ግን እጅግ ታናሽዎ፣

ጥሩብርሃን ወልደ ሩፋኤል

ማስታወሻ፦ ወለላ ማንን እንደምትመርጥ እኔ አደራ ተቀባይዋ እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። እርስዎ ግን ወንዝ ያሻገሯት ሳያውቁ አይመስለኝም።